ኮድ እጅ የለውም

ሞያሌ፣ ማንያታ
እሑድ፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዮት፤ ናይሮቢ

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ከሐምሌ ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ «ደህና» ሲባል ጆሮዬ አይቀበለውም። እማ አለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ሱቁ ክፍት ነው። ዝናቡ ቀርቷል፣ ውሃ በቦቴ እየተገዛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ተመልሼ፣ እማ ጋደም ስትል፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ነው የምጽፍልህ።

በወረቀት መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ ሦስቴም «ስብሰባ ላይ ነኝ ሊንዬ» አልከኝ። በስልክ ብልክልህ ደግሞ አንብበህ ታጠፋዋለህ። ስለዚህ ይህን ወረቀት የአውቶቡሱ ሾፌር ጎሎ በእጅህ እንዲሰጥህ ለምኜዋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት የላክኸውን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። «ሊንዬ፣ የሱቃችንን ኮድ አለቆቼ ሊያዩት ፈልገዋል፤ ለእድገቴ ነው። ከመላክሽ በፊት የድሮውን የለውጥ ታሪክ አጥፊልኝ፣ የመጨረሻው ብቻ ይቅር። አንድ መስመር ነው የምትጽፊው፤ ኤአዩን ብትጠይቂው ይነግርሻል።» ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ጠየቅኩት። በሁለት ሰከንድ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ ግን «ይህ ታሪኩን እስከ ወዲያኛው ያጠፋዋል፤ እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከአንተ ይልቅ እሱ ተጨነቀ።

አላጠፋሁትም። ለምን እንዳላጠፋሁት ከመጀመሪያው ልንገርህ። የነገሩን ግማሽ አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ከናይሮቢ ሆነህ ነው። እኔ እዚሁ ነበርኩ።

አባባ ሞቶ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ያተረፍከው አንተ ነህ፤ ይህን አልክድም። ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ የምናመጣውን ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሀበሻ ቀሚስ፣ ኢሲዮሎም ሞምባሳም ያለ ሰው በስልኩ አይቶ እንዲያዝ ድረ ገጹን የሠራኸው አንተ ነህ። እማ ለገባው ለወጣው «ልጄ ነው የሠራው» ትል ነበር። ከእማ ይበልጥ የምትኮራው ግን እንደ አክስት «አዳዳ» የምንላት ሀዋኦ ነበረች። አንተ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለህ ከኦቦ መንደር መጥታ ሱቃችን የገባች፣ እማ ማዶ ለገበያ ስትሻገር አንተንም እኔንም በጀርባዋ ያዘለች ሴት ናት። ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ስልኩ «ጭው» ሲል «አብዮት ጠራኝ» ብላ ነበር ለመጠቅለል የምትነሳው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ሲስተሙ ባለጥለት ነጠላ አሥራ አራት አለ ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለው ዘጠኝ ነው። እማ ደግማ ቆጠረች፣ እኔም ቆጠርኩ፣ አዳዳ ራሷም ቆጠረች። ከዚያ እማ ደወለችልህና ድምፅህን ለሁላችንም ከፍታ አሰማችን።

«አብዮትዬ፣ ይኼ ሲስተም ሊሳሳት ይችላል?»

አንተ ሳቅህ። «እማ፣ ኮድ እጅ የለውም። እጅ ያለውን ጠይቂ።»

አዳዳ ጥግ ላይ ጋቢ እያጠፈች ነበር። ጋቢውን አጥፋ እስክትጨርስ ቀና አላለችም። ልብስ ሊገዙ የገቡ ሁለት ሴቶች ቆመው ይሰማሉ። እማ ፊቷ ተለዋወጠና «ሊና፣ ቦርሳዋን እዪ» አለችኝ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ልጅ አይደለሁም። ቦርሳዋን ከመስቀያው አወረድኩት። አዳዳ ምን አለችኝ መሰለህ?

«ቀስ በይ ሊና፣ ዚፑ ተሰብሯል። ጣትሽን እንዳይቆርጥሽ።»

የስኳር መድኃኒቷን አወጣሁ። ለቁርሷ በወረቀት የጠቀለለችውን ግማሽ ማንዳዚ፣ የሶላት ሻሿን፣ የልጇን የሻምሳን የትምህርት ቤት ፎቶ አወጣሁ። ሌላ ነገር የለም። ሁሉንም ባንኮኒው ላይ ደረደርኩት፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ አዩት። እማ ግን «እንግዲያው አውጥታ ጨርሳለች ማለት ነው» አለች። አለመገኘቱ ራሱ ማስረጃ ሆነባት። አዳዳ ዕቃዎቿን መልሳ ከተተች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ «ነጋቲ» ብላ ወጣች። ሃያ ስምንት ዓመት ሠርታ በአንድ ቃል ተሰናበተች።

ሰፈራችንን ማንያታን ታውቀዋለህ፤ ወሬ ከቦዳቦዳ ሞተር ይፈጥናል። አዳዳን የሚቀጥራት አንድም ሱቅ ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት ሻምሳንም የምትሠራበት ፋርማሲ «ለጊዜው ዕረፍት ውሰጂ» አላት። ሻምሳና እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር የተማርን ነን። መንገድ ላይ ስታየኝ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አለፈችኝ። ከዚያ እናትና ልጅ ቤቱን ለቀው ኦቦ ገቡ።

ይኸው የምታውቀው ነው። አሁን የማታውቀውን ላምጣ።

አዳዳ ከሄደች በኋላ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ እኔ ያዝኩ። ሌላ ቁልፍ የለም። በጥቅምት ወር ሁለት ጋቢ ጎደለ። በኅዳር ሦስት ነጠላ። እማ ዓይኗን ወደኔ አላዞረችም፣ ምክንያቱም ልጇ ነኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ወይ ሌባዋ እኔ ነኝ፣ ወይ ሲስተሙ ይዋሻል። ስነግርህ «ቆጠራሽን አስተካክዪ» አልከኝ። ሁለተኛ ስጽፍልህ መልእክቴን አይተህ ዝም አልክ።

እኔ እንዳንተ ዩኒቨርሲቲ አልተማርኩትም። ከኢንተርኔትና ኮምፒውተር ከሚያስተምረው ከኬቨን የለቃቀምኩት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሮጥኩት አሁን ሁሉም ወደሚሮጥበት፣ ወደ ኤአዩ ነው። ኮዱን ሁሉ ከፈትኩለትና «ዕቃ ይጎድላል፣ አስተካክልልኝ» አልኩት። እንዴት ያለ በራሱ የሚተማመን ፍጡር ነው! «ችግሩን አገኘሁት!» ብሎ አንድ ቦታ ለወጠ። በሳምንቱ ቀሚስ ጎደለ። ስነግረው ይቅርታ ጠየቀና «አሁን በእርግጥ አገኘሁት!» ብሎ ሌላ ቦታ ለወጠ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ደንበኞች ጨርሶ ማዘዝ አቃታቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩ «ጭው» አላለም።

ኬቨን መጥቶ አየና ሳቀብኝ። «ሊና፣ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ። መልስ አትጠይቂው፣ ማስረጃ ጠይቂው። እስኪ አንዷን ትእዛዝ ከመነሻዋ እስከ መድረሻዋ ተከተያት።» ከዚያ አንድ አዲስ መሣሪያ ሲስተሙ ላይ ገጠመልኝ። ደንበኛው «እዘዝ» የሚለውን ከነካበት ጀምሮ ዕቃው እስኪላክ ድረስ ያለውን እርምጃ ሁሉ፣ ከነደቂቃው፣ በአንድ መስመር ላይ ዘርግቶ ያሳያል። ኤአዩንም ከዚያ በኋላ «አስተካክል» አላልኩትም። «ይህ እርምጃ ከየትኛው የኮድ መስመር መጣ?» ብቻ እለዋለሁ። ያን ጊዜ ጎበዝ ሆነ። አያያዙን አላወቅኩበትም ነበር።

አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። ከዚያ ከኢሲዮሎ አንዲት ሴት ነጠላ አዘዘች። መስመሩን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሴትዮዋ ስታዝ ሲስተሙ አንድ ነጠላ ይይዝላታል፣ ከቁጥሩም ይቀንሳል። ክፍያዋን አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። አሥር ደቂቃ ካለፈ «ትታዋለች» ብሎ ነጠላውን ቁጥሩ ላይ መልሶ ይጨምረዋል። እስከዚህ ልክ ነው። ግን የእኛን አገር ኔትወርክ ታውቀዋለህ። ክፍያው በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ደረሰ። ሲስተሙ «ተከፍሏል፣ ላኩ» ብሎ አዘዘን፤ ቁጥሩን ግን ዳግመኛ አልቀነሰም። ነጠላው በአውቶቡስ ኢሲዮሎ ሄደ፣ ሲስተሙ ላይ ግን እኛ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

አላመንኩም። በራሴ ስልክ ገጹን ከፍቼ፣ ኔትወርኩን ሆን ብሎ በሚያዘገየው መሣሪያ አዘገየሁትና ልክ እንደ ሴትዮዋ አዘዝኩ። አሥር ደቂቃ ቁጭ አልኩ። ስድስት የነበረው አምስት ሆኖ፣ ዓይኔ እያየ ተመልሶ ስድስት ሆነ። ከዚያ ክፍያው ገባና «ላኩ» አለኝ። ኬቨን አጨበጨበ። ስህተት ዓይንህ ፊት ሲደገምልህ ደስ ይላል ትለኝ ነበር። ለእኔ የታየኝ ግን ባንኮኒው ላይ የደረደርኩት ግማሽ ማንዳዚ ነው።

መስመሩን ማን እንደጻፈው ለማየት፣ እያንዳንዱ ለውጥ ከነቀኑ የሚመዘገብበትን የለውጥ ታሪክ ከፈትኩ። አንተ ነህ፤ ይህ አልገረመኝም፣ ሁሉንም የጻፍከው አንተ ነህ። ሰው ይሳሳታል። የገረመኝ ከመስመሩ በላይ የነበረው ማስታወሻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የናይሮቢውን ሥራ ባገኘህበት ሳምንት፣ እንደ ልማድህ አማርኛውን በላቲን ፊደል እንዲህ ብለህ ጽፈህ ነበር፦ «ክፍያ ከዘገየ ቁጥሩ ይዛባል፤ የሌለ ዕቃ አለ ይላል። በኋላ ይስተካከል።»

በኋላ ይስተካከል። እሺ፣ ሥራ በዛብህ፣ ረሳኸው እንበል። ይህንንም ይቅር እልህ ነበር።

ግን ማስታወሻው አሁን ኮዱ ላይ የለም። ተሰርዟል። መቼ እንደተሰረዘ አየሁ፤ ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አዳዳ በተባረረች በአራተኛው ቀን። ገብተህ አየኸው፣ አስታወስከው፣ ስህተቱን እንዳለ ተውክና ማስታወሻውን ብቻ አጠፋኸው። ለውጡን ምን ብለህ እንደሰየምከው ታስታውሳለህ? «ጽዳት»።

አብዮት፣ ማስተካከያው አሥራ አንድ መስመር ነው። እኔ፣ ያልተማርኩት፣ ከምሳ በኋላ ጀምሬ ሻይ ሳይደርስ ጨረስኩት። አንተ አሥራ አንድ መስመር ከብዶህ ነው?

ለእማ ስህተቱ ኮዱ ውስጥ እንደነበር ነገርኳት። ስለተሰረዘው ማስታወሻ አልነገርኳትም። «አብዮት አውቆ አይደለም» አለች። ተነስታ ከመደርደሪያው ምርጡን ባለጥለት ነጠላ አወረደችና «ይቺን ውሰጂላት። ጉልበቴ ነው እንጂ ራሴ በሄድኩ» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ለማርያም ንግሥ በእግሯ ደርሳ ተመልሳለች።

ባለፈው ረቡዕ በባለሞተሩ በታዲቻ ኦቦ ሄድኩ። መንገዱ አቧራ ብቻ ነው፤ ከብቶቹ አጥንታቸው ይቆጠራል። አዳዳ ከጭቃ ቤቷ ጥላ ስር ተቀምጣ አገኘኋት። ከስታለች። አንድ እግሯ በጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ስኳሩ እግሯ ላይ ወጥቷል። ሻምሳ ሰላም አላለችኝም፤ ግን ገብታ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችልኝ።

«አዳዳ፣» አልኳት፣ «አንቺ አልወሰድሽም። አሁን አውቀናል።»

«እኔማ ድሮም አውቃለሁ» አለችኝ። «ያላወቃችሁት እናንተ ናችሁ።»

ስለ አሥሩ ደቂቃ፣ ስለ ክፍያው፣ ስለ ቁጥሩ በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀልኩ አስረዳኋት። ከኬቨን ይልቅ ፈጥኖ ነው የገባት።

«እንግዲያው ነጠላዎቹ የትም አልጠፉም?»

«በአግባቡ ለገዙ ሰዎች ነው የተላኩት። ራስሽ ነሽ የጠቀለልሻቸው።»

«ራሴ» አለች። እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አየቻቸው። «በክር አስሬ፣ ስማቸውን ሻምሳ ጽፋልኝ፣ ራሴ።»

የእማን ነጠላ አውጥቼ እግሯ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጥለቱን በጣቷ ዳሰስ አደረገችና «ይቺስ ከኮምፒውተሩ ላይ ተቀንሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

እውነቱን ነገርኳት። «አልተቀነሰችም።»

«በይ መልሻት። ነገ ደግሞ ትጎድልባችኋለች።»

ሻምሳ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የተናገረችው። «እዚህ ኦቦ መጥተሽ ለፍየሎቹ ብትነግሪ ምን ዋጋ አለው? ማንያታ በየሱቁ ገብተሽ ትናገሪያለሽ?» እናገራለሁ አልኳት። ተናግሬያለሁም፤ ሐሙስንና ዓርብን በየበሩ ስዞር ዋልኩ። ሁሉም «እኛማ ድሮም አላመንንም ነበር» አሉኝ። አዳዳን ከበራቸው የመለሷት እነዚያው ናቸው።

ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ፣ ወንድም ጋሼ። አዳዳ «ታዲያ ይኼን ጥፋት የሠራው ማነው?» አለችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እጇን አነሳች።

«አብዮትን እንዳትወቅሱት። ከቤታችሁ ሰው ናት ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።»

ለሻምሳ ምልክት ሰጠቻት። ሻምሳ ገብታ አንድ ፌስታል ይዛ ወጣች። ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖች ናቸው፣ በየወሩ ከናይሮቢ በአውቶቡስ፣ ከሞያሌ በሞተር የመጡ። አንዱንም አልጣለችም። «ከተባረርኩ በኋላ ቅዳሜ ዕለት ደወለልኝ» አለችኝ። «እያለቀሰ ነበር። ‹አዳዳ፣ እኔ አንቺን አምንሻለሁ› አለኝ። እሱን ቃል ይዤ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት። ሰው ሁሉ ሌባ ሲለኝ፣ እጄ ላይ ያደገው ልጅ ያምነኛል እላለሁ።»

ቅዳሜ። ከጽዳቱ በፊት ይሁን በኋላ አልጠየቅኋትም።

ማልቀስህን አምናለሁ፤ ከልብህ እንደሆነም አምናለሁ። ይህ ነው እንደ እሳት የሚያቃጥለኝ። ፈጽሞ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አንድ ቃል ለእማ ብትናገር ስሟ ይነጻ ነበር፤ አንተ ግን ስሟን ትተህ መድኃኒት ላክህላት።

አዳዳ መልሴን ትጠብቃለች። ሻምሳም ታየኛለች። ከኅዳር ጀምሮ የፈለግኩት እውነት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«ማሽኑ ነው» አልኳት። «የማንም ጥፋት አይደለም።»

አዳዳ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ሻምሳ ግን ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። ነገሩ የገባት ይመስለኛል። ስንለያይ በጆሮዬ «ማሽን ራሱን አይጽፍም» አለችኝና ተመልሳ ገባች።

እንግዲህ ይኸው። ታሪኩን አላጠፋም። ኮዱን ለአለቆችህ ከፈለግክ ከነታሪኩ ላክላቸው፤ እኔ ግን በገዛ እጄ ሁለተኛ ጽዳት አላጸዳም። ሲስተሙን አስተካክዬዋለሁ፤ ከማስተካከያው በላይም አንተ ያጠፋኸውን ማስታወሻ ከነቀኑ መልሼ ጽፌዋለሁ። ከስሩም «ተስተካክሏል» ብያለሁ፤ ኮዱን ማለቴ ነው።

«ካልመጣህ እኔ እነግራታለሁ» ብዬ ላስፈራራህ አስቤ ነበር። ግን እንደማልነግራት አውቃለሁ። ከእማ የተላከውን መልሳለች፣ እኔ የገዛሁላትንም መድኃኒት አልነካችውም። የምትውጠው ካንተ የመጣውን ብቻ ነው። ብነግራት ያንንም ትጥለዋለች፤ እግሯን አይቼዋለሁ። ስለዚህ አፌን አስረኸዋል። ስማኝ፣ የየካቲቱን እንዳታዘገይ፤ ሐኪሙ ቀን መዝለል የለባትም ብሏል።

መምጣት ከፈለግክ አውቶቡሱ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ታዲቻ ኦቦ ያደርስሃል። ፊት ለፊቷ ተቀምጠህ በራስህ አፍ ንገራት። ከዚያ በኋላ የምትሰጥህን እሷ ታውቃለች፤ እኔ አልገምትም። ለእማም እንዲሁ። አልመጣም ካልክ ደግሞ ከዚህ በኋላ ስትደውል «እንዴት ናችሁ» ብለህ አትጠይቀኝ።

በደብዳቤ ማብቂያ ላይ ታላቅን መመረቅ የታናሽ ወግ አይደለም፤ ቢሆንም ዛሬ አልችልም ነበር። ግን ስነሳ አዳዳ እጄን ይዛ አደራ የሰጠችኝ ምርቃት አለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ፦

«አብዮት ልጄ፣ ሆራ ቡላ። ብዛ፣ ክበር። ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብኝ አንተ እንዳላዞርክብኝ፣ አላህም ፊቱን አያዙርብህ።»

እህትህ
ሊና ፈቃደ